ያልተሳበው ገመድ

ዋና ኢንስፔክተር ዚነት ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ የምትገባው ሥራ በዝቶባት አይደለም። ቤቷ ብትውል የምታወራው ሰው ስለሌላት ነው። ይህን የነቀምቴ ባልደረቦቿ ሁሉ ያውቃሉ፤ ደፍሮ የነገራት ግን እስካሁን አልተገኘም። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ገና ቁልፏን ከቦርሳዋ ሳታወጣ በሩ ሥር የተቀመጠ ሰው አገኘች።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ነጠላቸውን እንደ ነገሩ ደርበው ጥለቱን ወገባቸው ውስጥ ሸጉጠውታል። ከመጀመሪያው ሚኒባስ ወርደው በቀጥታ የመጡ ይመስላሉ።

«የኔ ልጅ፣ ዚነት የምትባዪው መርማሪ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፣ እማማ። ከየት መጡ?»

«ከቢላ። በዛብሽ እባላለሁ፤ የእሸቱ እህት ነኝ። የባለ ጄት መኪናው።»

አቶ እሸቱን የማያውቅ አልነበረም። ዕድሜያቸውን በአየር ኃይል ሜካኒክነት ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ ቢላ ገቡ። ሚስታቸው ሞቱባቸው፤ ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ እኩዮቻቸው በግ ሲያረቡ እሳቸው በጨረታ የተሸጠ የአሮጌ አውሮፕላን ጄት ሞተር ገዝተው፣ ዘጠኝ ሜትር በሚረዝም ባለ አራት ጎማ ብረት ላይ ጫኑት። ከቢላ ወጣ ብሎ፣ በሰፈራው ዘመን የእህል አውሮፕላን እንዲያርፍበት የተደለደለ ሜዳ አለ። እሑድ እዚያ ላይ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው የአገሪቱን የመኪና ፍጥነት ክብረ ወሰን ሊይዙ ነበር። ማስታወቂያው በነቀምቴ ባጃጆች ጀርባ ላይ ሁሉ ተለጥፏል።

«ትናንት ሞተ» አሉ እማማ በዛብሽ። እንባቸው አልቆ ድምፃቸው ብቻ ቀርቷል። «መጋዘኑን ዘግቶ፣ ያንን የቤንዚን ሞተር አስነስቶ፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ራሱን ገደለ አሉ። ቄስ አላዛር ደግሞ ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም አሉኝ። ከአጥር ውጭ ልቅበረው እንዴ?»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ወንድሜ ራሱን አልገደለም።»

«በምን አወቁ?»

አሮጊቷ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አንቺ ብቻ ራሱን አለመግደሉን አውጪልኝ፤ ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

ዚነት ኮቷን ሳታወልቅ ተመልሳ ወጣች።

*

ቢላ ሲደርሱ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ገቡ። የጤና መኮንኑ የሟችን ከንፈርና ጥፍር አሳያት፤ ያለ ወጉ ቀልተዋል። የሞተር ጭስ ነው የገደላቸው፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ሌላ ጉዳት ሰውነታቸው ላይ የለም። የግራ እጃቸው አንጓም ንጹሕ ነው፤ ለልባቸው በሚወስዱት መድኃኒት የተነሳ ግን ቆዳቸው ሳስቶ ትንሽ ሲነካ ይበልዝ ነበር።

እማማ በዛብሽ ከአስከሬኑ አጠገብ ቀሩ። የቢላው ሳጅን ታፋ ዚነትን ወደ ሜዳው ይዟት ሄደ።

«አካም ቡልታኒ፣ አዴ ዚነት? ለዚህ ጉዳይ እኮ መልፋት አልነበረብዎትም» አለ፣ መንገድ ላይ ሰላምታውን እንደ አዲስ ጀምሮ። «ያለቀለት ነገር ነው።»

«ነጋ፣ ገለቶማ» ብላ ሰላምታውን መለሰች። «ያለቀለት ከሆነ ቶሎ እመለሳለሁ።»

መጋዘኑ ከሜዳው ዳር ብቻውን የቆመ ቆርቆሮ ነው። መኪናው ቀይ ነው፤ ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም «ሸዋጌጥ» ተብሎ የሟች ሚስታቸው ስም ተጽፏል። ፊቱ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተፋጧል፤ ጭራው ወደ ሰፊው ተንሸራታች በር ዞሯል። ሲነሳ እሳቱ ወደ ሜዳ እንዲወጣ ነው። ከጭራው በስተግራ ማስነሻው ቆሟል፤ የአሮጌ መኪና የቤንዚን ሞተር ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ አየር እየነፋ ጄቱን የሚያሽከረክር ዕቃ ነው።

ታፋ በጣቱ እየቆጠረ አስረዳ። በሩ ዝግ ነበር። የማስነሻው ሞተር ቤንዚኑን እስኪጨርስ ሠርቷል። ሟች ወንበሩ ላይ በቀበቶ ታስረዋል፤ የቀበቶው ቁልፍ ግን ደረታቸው ላይ ነው፣ በአንድ እጅ ይፈታል። ጭናቸው ላይ ውዳሴ ማርያም ተዘርግቷል።

«መውጣት እየቻለ ያልወጣ፣ ጸሎቱን የደገመ ሰው» አለ። «ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ብቸኝነት ሰው ይገድላል፣ አዴ ዚነት።»

ይህን ሲል ወደ እሷ አላየም፤ እሷ ግን እንደ ተነካች ተሰማት፤ ተናደደችም። ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ ለመሞት ቀጠሮ የያዘ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ታፋም አንዱ ነበር።

«ሰውነታቸው ላይ ምን ምን ነበር?» አለችው።

ታፋ ፖስታ አወጣ። የራስ ቁር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ከጆሯቸው የወጣ ጥጥ። አንድ ቀጭን የናይሎን ገመድ። ስፋቱ አንድ ሌባ ጣት የሚያህል ነጭ ጨርቅ።

«ገመዱ ግራ እጃቸው ላይ ታስሮ ነበር፤ ጫፉ እዚያ ማስነሻው ጋ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጨርቁ ከገመዱ ሥር ተጠቅልሎ ነበር። ቁስል ይኖርባቸዋል ብዬ ነው።»

ቁስል እንደሌለ ዚነት አሁን አይታ መጥታለች። ጨርቁን ወደ ብርሃን አነሳችው፤ በእጅ የተተረተረ ስስ የሸማ ቁራጭ ነው፤ አንዱ ጠርዙ አረንጓዴ ክር አለው።

«ታፋ፣ እስቲ ወንበሩ ላይ ውጣ።»

«እኔ?»

«ውጣና የትከሻውን ቀበቶ ራስህ አጥብቅ።»

ሳጅኑ እየሳቀ ወጣ። ቁልፉን ደረቱ ላይ ቆለፈ። የትከሻው ቀበቶ ማጥበቂያ ጫፍ ግን ከወንበሩ ጀርባ ነው የሚወጣው። እጁን በላይ ላከ፣ በጎን ላከ፣ ላብ በላብ ሆነ፤ ቀበቶው እንደላላ ቀረ።

«እሳቸው ሲገኙ ላልቶ ነበር?»

«ኧረ ተወጥሮ ነበር!» አለ፤ ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ሳቁ ጠፋ።

«እንግዲያው ሁለተኛ ሰው ነበረ» አለች ዚነት።

*

ሬሳውን ያገኘችው ሩክያ ናት። ቢላ ውስጥ በር የምትበይድ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ስትሆን፣ እንደ ዚነት ሁሉ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ናት። ማስነሻውን ከቁርጥራጭ ብረት የሠራችው እሷ ነበረች።

«ከጁምዓ በኋላ ነው የመጣሁት፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ» አለች። «በሩን ስገፋው ጭሱ ፊቴ ላይ መጣ። ወላሂ፣ ጮኬ ሰው ጠራሁ።»

«ጄቱ እንዴት ነው የሚነሳው? እንደ ሕፃን አድርገሽ ንገሪኝ።»

«ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ወንበሩ ላይ፣ አንዱ እዚህ ማስነሻው ጋ። መጀመሪያ ቀበቶውን ከኋላ እናጠብቅላቸዋለን። ቀጥሎ ማስነሻውን አስነስቼ ሃያ ደቂቃ አሞቀዋለሁ። እዚህ ጠዋት ብርድ ነው፤ ዘይቱ ካልሞቀ አየሩን አይነፋም። እሳቸው በዚያ ሃያ ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። መጽሐፉን በቃላቸው ያውቁታል፤ ግን ጭናቸው ላይ ካልሆነ ደስ አይላቸውም።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ! ከጀመርንበት ጊዜ ጀምሮ።»

ዚነት ታፋን በጎን አየችው። ታፋ ጣሪያውን ያይ ነበር።

«ገመዱስ?»

«ጆሯቸው ተደፍኗል፤ ወደ ኋላም ዞረው አያዩም። ራዲዮ ሞክረን በጩኸቱ አልሰማ አለን። ስለዚህ ገመድ። አንድ ጊዜ ስስበው አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ስስበው ነዳጁን ይክፈቱ። ሦስት ጊዜ፣ ያጥፉ። ገመዱ ካልተሳበ ጋሽ እሸቱ ምንም አይነኩም። አንድ ቀን የተበላሸ ካንዴላ አስቸግሮኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ረሳኋቸው። ስመለስ እንደ ተቀመጡ ናቸው። አየር ኃይል እንዲህ ነው የተማርነው አሉኝ፤ ምልክት ሳይሰጥህ የተንቀሳቀስክ ቀን ሰው ትገድላለህ።»

«ገመዱን ስታስሪ ከሥሩ ጨርቅ ታደርጊለታለሽ?»

«ጨርቅ? ከቱታው እጅጌ በላይ ነው የማስረው።»

ዚነት ወደ ማስነሻው ጎንበስ አለች። በጭስ መውጫው፣ በማርሚታው ጫፍ ዙሪያ ቆርቆሮው በጥላሸት ጠቁሯል። የጭሱን ወደ ውጭ መውሰጃ ቱቦ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር አልወረደም። ሩክያ እጇን ወደ አንዲት ትንሽ የሚሳብ እጀታ ልካ ባለችበት ቀረች።

«ቾኩ ወጥቷል» አለች በሹክሹክታ። «ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የሚሳበው፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ይገባል። ካልገባ ሞተሩ ታፍኖ ጭሱ መርዝ ይሆናል። ይሄን ማን ተወው?»

*

ሕሩይ ነቀምቴ ውስጥ የአውቶ መካኒክ መምህር ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ። መኪናውን እሑድ ሊነዳ የነበረው እሱ ነው፤ መርዶውን ሰምቶ ቢላ መጥቷል። ሐሙስ ዕለት ግን አቶ እሸቱ ሐሳባቸውን ቀየሩ።

«‹አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ከገደለ እኔን ይግደል› አሉኝ» አለ። «አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑዴን እዚህ ጨርሻለሁ። ተናድጄ ብዙ ተናገርኩ።»

«ዓርብ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ነቀምቴ።»

«ዓርብ ክፍለ ጊዜ ነበረህ። አልገባህም። ትምህርት ቤትህ ደውዬ ነው የመጣሁት።»

ወጣቱ ፊቱን አዞረ። ሲናገር ድምፁ ተሰብሯል። «ይቅርታ ልጠይቃቸው መጣሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ዳር ደረስኩ። መጋዘኑ ዝግ ነው፤ ማስነሻው ግን ውስጥ ይሠራል። ከሩክያ ጋር ያለ እኔ እየሠሩ፣ እንዳልገባ በሩን የዘጉብኝ መሰለኝ። ሞተሩ ታፍኖ እየሳለ ነበር። ቾኩን ረስተውታል፤ እኔ ከሌለሁ እንዲህ ነው ብዬ… ደስ አለኝ። ተመልሼ ሄድኩ።»

«ምን ያህል ይርቃል፣ መንገዱ?»

«ሃምሳ እርምጃ» አለ ሕሩይ፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅ አልተቻለም።

ሊጠረጠር የሚችለው ሦስተኛ ሰው ኦቦ ጨመዳ ነበሩ። ከብቶቻቸው የሚግጡት በሜዳው ዳር ነው። ባለፈው ወር አቶ እሸቱን «ያንን ነገር አቃጥልልሃለሁ» ሲሉ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ብያለሁ!» አሉ ጨመዳ በትራቸውን ተደግፈው። «ጩኸቱ ሁለት ላም አስወረደብኝ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። ያ ሰውዬ ጥሩ ሰው ነው፤ ማታ ማታ አብረን ገበጣ እንጫወታለን። ግን መኪናው ሰይጣን ነው።»

«ዓርብ ጠዋትስ የት ዋሉ?»

«ይሄን ታፋን ጠይቂው! ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት እሱ ቢሮ ነበርኩ። እሸቱን ልከስ ሄጄ አንድ ወረቀት እንኳ ሳይጽፍልኝ አስቀምጦኝ ዋለ።»

ዚነት ወደ ሳጅኑ ዞረች። ሳጅኑ ኮፍያውን አስተካከለ።

«እውነት ነው» አለ። «ሥራ በዝቶብኝ ነበር።»

*

ዚነት አንድ ነገር ልትሞክር ፈለገች። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ፤ የጭሱ ቱቦ ወደ ውጭ ተዘረጋ፤ ማስነሻው ተሞላ። እሷ ወንበሩ ላይ ወጣች። ሩክያ ጥጡን፣ የጆሮ መከላከያውን፣ የራስ ቁሩን አደረገችላት። ቀበቶው ከኋላ ሲሳብ ትንፋሿ ተቆረጠ። ገመዱ እጅጌዋ ላይ ታሰረ።

ከዚያ ዓለም ጠፋ። ፊት ለፊቷ ግድግዳ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን ሳይሆን ንዝረቱን በጀርባዋ ሰማችው። በሩ ይከፈት ይዘጋ፣ ሩክያ ትኑር ትሂድ የምታውቅበት መንገድ አልነበረም። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር። ዚነት ብቻዋን መሆን የማታውቀው ነገር አይደለም፤ ይህን ያህል ብቻዋን ሆና ግን አታውቅም። አባቷ በሰፈራው መኪና ላይ ጭነው ሲያመጧት አምስት ዓመቷ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የአባቷን ጋቢ ጫፍ ጨብጣ ነበር የመጣችው። አሁን የያዘችው ነገር ቢኖር ይህ ገመድ ነው። ቀበቶውን ልትፈታው ትችላለች፤ እጇ ግን ወደ ቁልፉ አልሄደም። ይሳባል ብላ ነው።

ድንገት አንጓዋ ላይ ትንሽ ነገር ሳብ አደረጋት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ግን አቶ እሸቱ ለምን እንዳልወጡ አወቀች። ከወንበሩ ስትወርድ ታፋን «ሰዎቹን ሁሉ ጥራልኝ» አለችው። «ቄስ አላዛርንም።»

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሕሩይ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሩክያ ማስነሻዋን ተደግፋለች፤ ጨመዳ በሩ ላይ ቆመዋል። ቄስ አላዛር መስቀላቸውን ይዘው ፊታቸውን አጥቁረዋል። ለእማማ በዛብሽ ወንበር ተሰጣቸው።

«አባ» አለች ዚነት፣ «አቶ እሸቱ ራሳቸውን አልገደሉም። የትከሻቸውን ቀበቶ ያጠበቀው ከኋላቸው የቆመ ሰው ነው። ራሱን የሚገድል ሰው ጆሮው እንዳይታመም ጥጥ አይወትፍም። ጸሎቱም የመሞቻ ጸሎት አይደለም፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ሁልጊዜ የሚጸልዩት ነው። እጃቸው ላይ የታሰረው ገመድ ደግሞ ከሌላኛው ጫፍ የሚስበው ሰው ከሌለ ምንም ጥቅም የለውም። ሰውዬው ጄቱን ለማስነሳት ነበር የተቀመጡት።»

«ታዲያ ጭሱ ሲመጣ ለምን አልወጡም?» አሉ ቄሱ።

«ጭሱን አላዩትም፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። መጋዘኑ ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ አልሰሙም። ገመዱ ሁለት ጊዜ እስኪሳብ ጠበቁ። የሚስበው ሰው ግን ወጥቶ ሄዷል።»



«ማን ነው? ኦቦ ጨመዳ ፖሊስ ጣቢያ ነበሩ፤ ምስክራቸው ራሱ ሳጅን ታፋ ነው። የቀሩት ሩክያና ሕሩይ ናቸው። ግን ቾኩ ወጥቶ ቀርቷል፤ የጭሱ ቱቦ ከሚስማሩ አልወረደም። ሩክያ ማስነሻውን የሠራች ናት፤ ሕሩይ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ለመግደል ብለው አውቀው ትተውት ቢሆንስ? ለመግደል የመጣ ሰው ገመዱን ፈትቶ ይሄዳል፤ ሁለተኛ ሰው እንደነበረ የሚመሰክረውን ነገር ሬሳው ላይ አይተውም። ይህን ያደረገው ሰው ሞተር የማያውቅ ነው፤ ሰው የሚሞት አልመሰለውም።»

«በሩንስ ለምን ዘጋው?» አለ ታፋ።

«ሩክያ፣ ጄቱ በሩ ተዘግቶ ይነሳል?»

«አይነሳም። አየር ይፈልጋል። ጋሽ እሸቱ ላገኙት ሰው ሁሉ ይሄን ነበር የሚናገሩት፤ ‹እንደ ሰው አየር ካጣ አይነሳም›።»

«በሩን የዘጋው ሰው የፈለገው ይህንኑ ነው፤ እንዳይነሳ። እሑድ እንዳይሄድ።» ዚነት ትንሿን ጨርቅ ከፖስታው አወጣች። «ይህ ከገመዱ ሥር ነበር። ገመዱ ቆዳቸውን እንዳያበልዘው ከነጠላ ተቀድዶ፣ እጅጌያቸው ተሰብስቦ የተጠቀለለ ነው። ቆዳቸው መሳሳቱን የሚያውቅ፣ ያውም የሚሳሳላቸው ሰው ነው ያደረገው።»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ የቀረውን መናገር አልወደደችም።

«ዛሬ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ አንዲት ሐዘንተኛ አገኘሁ። ሐዘን የደረሰባት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ ታወጣለች። እኚህ ግን ጥለቱን ወገባቸው ውስጥ ሸጉጠውት ነበር። በችኮላ ነው ብዬ አለፍኩት። አሁንም እዚያው ነው ያለው። ደግሞ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ፣ ማን እንደገደለ ሳይጠይቀኝ የሄደ የሟች ወገን አልገጠመኝም…»

«ተይ፣ ልጄ። የቀረውን እኔ ልጨርሰው» አሉ እማማ በዛብሽ።

ጥለቱን ከወገባቸው ስበው አወጡት። አረንጓዴ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ጣት የሚያህል ተቀድዷል።

«ሐሙስ ማታ ‹ነገ አንቺ ታግዢኛለሽ› አለኝ። ሕሩይ ተቆጥቶ ሄዷል፤ ሩክያ ከሰዓት ነው የምትመጣው፤ እሱ መታገሥ የት ያውቃል! ሁሉን አሳየኝ። ‹ይሄን ሳቢ፣ ይሄን አዙሪ፣ ይቺ ቀስት አረንጓዴው ላይ ስትደርስ ገመዱን አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ› አለኝ። እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም። እናት የለኝ፣ ባል የለኝ፣ የወለድኩት የለኝ። ያለኝ እሱ ነው። እሑድ በዚያ እሳት ላይ ተቀምጦ ሲበጣጠስ ቆሜ ላየው ነው? አየር ካጣ አይነሳም ሲል እሰማዋለሁ። በሩን ብዘጋው አይነሳም፤ ካልተነሳ እሑድ ይቀራል አልኩ።»

«ከዚያስ?» አለች ዚነት በለሆሳስ።

«‹እስክስበው ጠብቀኝ› አልኩት። ሞተሩን አስነሳሁ። በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። የከሰል ጭስ እንደሚገድል አውቃለሁ፤ የዚህ ግን በቧንቧ የሚወጣ መሰለኝ። ተናዶ ፈትቶ ይመጣል፣ ሲቆጣኝ ቆይቶ ምሳ ይበላል ብዬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሄድኩ። ሞተሩ እንዳይነሳለት ስለምን ዋልኩ።» ወደ ቄሱ ዞሩ። «እዚያው ሳለሁ መርዶውን ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት፣ አባ። ራሱን ገደለ ሲሉ ‹እኔ ነኝ› ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። ያለ ፍትሐት ከሚቀበር እኔ ብታሰር ይሻላል ብዬ ሌሊቱን ወሰንኩ። ግን በአፌ መናገር አቃተኝ። አንቺ እውነቱን እንደምታገኚው ሲነግሩኝ መጣሁ።»

ሕሩይ መሬቱ ላይ አቀርቅሮ አለቀሰ። ጨመዳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሩክያ ሄዳ አሮጊቷን ከኋላ አቀፈቻቸው።

ቄስ አላዛር መስቀላቸውን አዩ። በችኮላ የፈረዱ ሰው ነበሩና አፍረዋል፤ ማፈራቸውንም አልደበቁም። «መቃብሩ ውስጥ፣ ከሸዋጌጥ ጎን ይቆፈር» አሉ። «ፍትሐቱን እኔ ራሴ አደርሳለሁ።»

*

ቀብሩ ከመምሸቱ በፊት አለቀ። ዚነት እማማ በዛብሽን እጃቸውን አላሰረቻቸውም፤ ፒክ አፑ ላይ ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። ቃላቸውን ነቀምቴ መስጠት ነበረባቸው። ሳያስበው የገደለም ሕግ አለበት፤ ይህን ነግራቸዋለች፤ እሳቸውም አልተከራከሩም። ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶ ይነዳ ነበር።

ግማሽ መንገድ ላይ አሮጊቷ ዓይናቸውን ከመስኮቱ መለሱ።

«ያ የጤና ጣቢያው ልጅ ነግሮሽ ይሆናል» አሉ። «ስንት ሰዓት ጠበቀኝ?»

ዚነት ልትዋሽ አፏን ከፈተች። እኚህ ሴት ግን አንድ ቀን ሙሉ ከውሸት ጋር ሲታገሉ ቆይተው ገና መገላገላቸው ነው።

«በትክክል አይታወቅም። ግማሽ ሰዓት ያህል ነቅተው ሳይቆዩ አልቀሩም ይላል።»

«ቀበቶውን መፍታት ይችል ነበር?»

«በአንድ እጃቸው።»

እማማ በዛብሽ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይፈታም» አሉ። «ልጅ ሆኖ፣ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ‹እዚች ድንጋይ ላይ ሆነህ ጠብቀኝ› ካልኩት፣ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ሳልመለስ አይነሳም ነበር።»